የማይበሰብሱት አዛዥ

አገሩ ስም ነበረው ይባላል። ነገር ግን ስሙን በአዋጅ የመጥራት ሥልጣን የነበረው ሹም ከሞተ ወዲህ በቦታው ሌላ አልተሾመምና፣ ሰዉ «አገሩ» ብቻ ማለት ለምዷል። እኛም እንደ ሰዉ እንበል።

በአገሩ ምንም ነገር እንዲበሰብስ አይፈቀድም ነበር። ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ንጉሥ በፊት ነው። የዚያ ዘመን ንጉሥ የሚወዱት ፈረስ ሞተባቸውና በሦስተኛው ቀን ሊሰናበቱት ቢሄዱ ትል ወርሶት አገኙት። ንጉሡ በትሉ ክፉኛ ተቆጡ። የእኔን ፈረስ ያለ ፈቃዴ የሚበላ ማነው ብለው ጠየቁ። በማግስቱ አዋጅ ተነገረ። ከዛሬ ጀምሮ በአገሩ የወደቀ፣ የደረቀና የሞተ ሁሉ የንጉሥ ነው፤ ለትል፣ ለምስጥና ለሻጋታ አይሰጥም ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ቅጠል ከዛፍ ሲወድቅ መሬት ላይ አያድርም። ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከደጁ ይለቅማል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ መንኮሻኮሽ ሲጀምር በአቁማዳ ሞልቶ «ቤተ ጽናት» ወደሚባሉት ረጃጅም ጎተራዎች ያስገባል። ገለባውም ፋንድያውም እንዲሁ። ለማገዶ የሚፈቀደው እርጥብ እንጨት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአገሩ ሰው ዓይኑ ከጢስ የተነሣ ዓመቱን ሙሉ እንደቀላ ነው።

የሞተ ሰውም አይቀበርም። ሬሳው በጨውና በአመድ ታሽቶ፣ አርባ ቀን ጢስ ጠጥቶ ከደረቀ በኋላ እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል። ገበሬ ከሆነ የቤተ ጽናትን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሹም ከሆነ ግን ተመልሶ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ ሰው ስላለበት ሌላ ሹም አይሾምም። አጠገቡ «አፈ ሹም» የሚባል ሕያው ሰው ይቆማል፤ ሥራውም ጆሮውን ወደ ደረቁ ከንፈር አስጠግቶ ሹሙ ያሉትን ለሕዝብ መናገር ነው። በዚህ ዓይነት አገሩ የሚተዳደረው በሙሉ ጡረታ በማያውቁ ሰዎች ነበር።

አንጓች የዚህ አገር አሽታች ነበረች። አሽታች በትር ይዞ በየቤቱ እየገባ ያሸታል። የበሰበሰ ነገር ካገኘ በትሩን ሦስት ጊዜ መሬት መትቶ «በሰበሰ» ይላል፤ ባለቤቱም ያለ ክርክር ማድረቂያ ሜዳ ወርዶ ስድስት ወር ቅጠል ሲያገላብጥ ይከርማል። የአንጓች አፍንጫ የታወቀው ገና በሙሽርነቷ ነው። ባሏ ቤት በገባች በሳምንቱ በአማቷ ጎተራ አጠገብ ስታልፍ ከሥሩ ሻግቷል አለች፤ ቢገለበጥ እውነት ሆነ። አማቷ ወደ ማድረቂያ ሜዳ ወረዱ፣ እሷ ተሾመች። ባሏ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አላነሣባትም። አሁን ሞቶ በቤተ ጽናት አራተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። በበዓል ቀን ሄዳ ፊት ለፊቱ ትቆማለች፤ ምን ማለት እንዳለባት ግን አታውቅም።

ሥራዋን ታምንበት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባታል። ዝናቡ በወቅቱ ይመጣል፣ ፀሐዩ አይጎድልም፣ ገበሬው አልሰነፈም፤ አዝመራው ግን ከዓመት ዓመት ያንሳል። በልጅነቷ ጉልበቷ ድረስ ይመጣ የነበረው ጤፍ አሁን ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ መልኩም እንደ ታመመ ሰው ገርጥቷል። ጎተራዎቹ ደግሞ በየዓመቱ እየረዘሙ እርሻውን ይገፉታል። ሹማምንቱ ይህን «በረከት» ይሉታል፤ የተሰበሰበውን እያዩ ነው እንጂ የበቀለውን እያዩ አይደለም።

በዚያ ክረምት ልጇ ባንቺአየሁ ወለደች። የሚበላ ጠፍቶ ስለነበር ጡቷ አልፈስ አላት። ሕፃኑ በመጀመሪያው ሳምንት ያለቅስ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ለማልቀስም አቅም አነሰው።

በዚያው ሰሞን ከአዛዥ ቢያድጎ ትእዛዝ መጣ። አዛዥ ቢያድጎ የሽታ ጉዳይ አዛዥ ናቸው፤ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ትእዛዙን ያመጣው አፈ ሹማቸው ጓንጉል ሲሆን፣ እሱም ድምፁ ወፍራም፣ ገላው ቀጭን፣ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ነው፤ አሥራ አንዱን ዓመት ሙሉ ጆሮውን ወደ ከንፈር ሲያስጠጋ ኖሮ አንገቱ በዚያው ቀረ። አዛዡ እንዳሉት አዝመራው ያነሰው አንድ ቦታ በስውር የሚበሰብስ ነገር ስላለ ነው። መበስበስ ከንጉሥ መስረቅ ነውና ሌባው ከአጨዳ በፊት ይገኝ።

አንጓች በትሯን ይዛ ወጣች። አምስት ቀን ሜዳውን አሰሰች፤ ከጢስና ከጭቃ በቀር የሸተታት የለም። በስድስተኛው ቀን ወደ ገደሉ ሥር ስትወርድ ነፋሱ ዞረና አንድ ሽታ አመጣላት። ሽታው የብስባሽ እንደሆነ አልጠፋትም። ያስደነገጣት ግን አለመክፋቱ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ይመስል ነበር፤ አፍንጫዋ እንድትሸሽ ሳይሆን እንድትቀርብ ጎተታት። እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሟት ስለማያውቅ አመመኝ እንዴ ብላ ግንባሯን ዳሰሰች።

ከገደሉ ሥር አያ ደርሶ የሚባሉ ብቸኛ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ከጎጇቸው ጀርባ ያየችው ጓሮ ቆማ እንድትቀር አደረጋት። በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል። የጎመኑ ቅጠል እንደ ጃንጥላ ሰፍቷል። የዱባው ሐረግ አጥሩን ዘሎ፣ ድንጋዩን ወጥቶ፣ ጣራው ላይ ተኝቷል። በመካከሉ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ክምር አለ፤ ጠዋት ስለነበር እንፋሎት ይወጣዋል። ሽታው ከዚያ ነው።

አያ ደርሶ አልሸሹም፣ አላስተባበሉም። በጣታቸው ክምሩን ገለጥ አድርገው አሳዩአት። ከላይ ቅጠል ነው። ወደ ታች ሲገለጥ ቅጠሉ ቅጠልነቱን እየረሳ ይሄዳል፤ ነጫጭ ክሮች ተሰራጭተውበታል፣ እንጉዳይ ወጥቶበታል፣ ቀያይ ትሎች ይርመሰመሱበታል። ከሥሩ ደግሞ ቅጠልም ፋንድያም አይደለም፤ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ነው።

«አያ ደርሶ፣ ይህ ሁሉ ትል የንጉሥን ንብረት እየበላ ነው» አለች አንጓች። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የጠያቂ ሆነባት።

«ይበላል» አሉ ሽማግሌው። «ከበላ በኋላ ደግሞ ይተነፍሳል። የእህል ጉድጓድ ተከድኖ ከርሞ ሲከፈት ጧፍ ይዘሽ ብትገቢ ጧፉ አይጠፋም? እህሉ ሲተነፍስ ስለከረመ ነው። ከዚህም ክምር ጥቂት አንድ ጊዜ ገንቦ ውስጥ ከድኜ ሞከርኩት፤ ጧፌን አጠፋብኝ። እንግዲህ ያ ትንፋሽ የት ይሄዳል?»

አንጓች እንደማታውቅ ነገረቻቸው።

«ቅጠል ይበላዋል። እኔ ሳስበው እንደዚያ ነው። ለሰው ተክል አፈር ብቻ የሚበላ ይመስለዋል፤ ተክል ግን ግማሽ ቀለቡ ነፋስ ነው። እንጨት ሲከስል ምን ይመስላል? ጥቁር። ዳቦስ ቢያር? ጥቁር። ሥጋስ? ያው ጥቁር ነው። ያ ጥቁር አንድ ነው ልጄ። ከነፋስ ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ትል፣ ከትል ትንፋሽ ተመልሶ ወደ ነፋስ ይሄዳል። እናንተ ጎተራ ውስጥ ዘጋችሁበት። ሜዳው ለምን ገረጣ ትሉኛላችሁ እንዴ?»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላም ነገር ነገሯት። ሚስታቸው ከስድስት ዓመት በፊት ስትሞት ለአድራቂዎቹ አልሰጧትም። በሸማ ጠቅልለው ያስረከቡት የግራር ጉማጅ ነበር፤ እሷ ያለችው ከዱባው ሥር ነው። ጨው ውስጥ አታስገባኝ ብላ አስምላቸው ነበርና።

የአንጓች እጅ በትሩን ጨበጠ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሦስት ጊዜ መምታት ብቻ ነው የቀራት። አንድ ጊዜ ከፍ አደረገችው፣ መልሳ አወረደችው። ሽማግሌው አንድ ዱባ ቆርጠው አሳቀፏት። አልቀበልም ልትል አስባ ሳለ እግሯ መንገድ ጀምሮ ነበር። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ታሰላስል ነበር፤ የተሸከመችው ዱባ ነው ወይስ የሰው ሚስት? ቤት ደርሳ ግን ቆርጣ ቀቀለችው፤ ባንቺአየሁም ሳትጠይቅ በላች፣ በማግስቱም በላች። በአራተኛው ቀን ጡቷ አጋተ። ሕፃኑ ጠገበና እንደ ደህና ሰው ልጅ ጮኾ አለቀሰ።

አንጓች መደሰት ሲገባት እንቅልፍ አጣች። ሌባው ካለበት ቦታ ልምላሜው ለምን ተገኘ? ንብረቱ ከተጠበቀበት ቦታ ረኃቡ ለምን መጣ? አያ ደርሶን መክሰስ አልፈለገችም፤ ጥያቄውን ግን አለቆቿ ያውቁት ይሆናል ብላ ወደ አዳራሹ ሄደች። ሃያ ዓመት ስታገለግል ከበሩ አልፋ ገብታ አታውቅም ነበር።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው። ያረጀ ሣር ከጣራ አውርዶ መጣል ስለማይፈቀድ፣ አዲስ ሣር የሚደረብበት ቦታ አልነበረም፤ ክረምቱ ከላይ ይንጠባጠባል። አዛዥ ቢያድጎ ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፣ ጓንጉል ከጎናቸው ቆሟል፣ ገና ያልሞቱት የአገሩ መማክርት በግራና በቀኝ ተሰይመዋል። አንጓች እጅ ነሥታ፣ የማንንም ስም ሳትጠራ፣ ብስባሽ ያለበት መሬት ለምን እንደሚለመልም ጠየቀች።

ጓንጉል ጆሮውን አስጠጋ። «አዛዥ ጥያቄሽ ከሥራሽ ውጭ ነው ይላሉ።»

የጠየቀችው ለሥራዋ እንደሆነ ተናገረች። ደግሞ አስጠጋ። «አዛዥ እንዳሉት ያ ልምላሜ የተሰረቀ ልምላሜ ነው፤ ስለዚህ ልምላሜ አይባልም።» ታዲያ ምን እንደሚባል ብትጠይቅ አዛዡ ስለዚያ ገና አላሉም ተባለች።

ልትመለስ ስትል ሸተታት። መጀመሪያ ከአያ ደርሶ ጓሮ ልብሷ ላይ የቀረ መሰላት። ነጠላዋን አሸተተች፤ አይደለም። አፍንጫዋ ወደ ፊት መራት። እሷም ከልምድ የተነሣ፣ ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታስብ፣ ደረጃውን ወጥታ የአዛዡን ካባ ገለጠች። ከጣራው ሲወርድ የከረመው ውኃ ጉልበታቸው ላይ ተጠራቅሞ ኖሯል። ከጭናቸው ላይ ነጫጭ እንጉዳዮች፣ ሰባት ወይም ስምንት፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጥተዋል።

ጓንጉል ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ተይው አላት። ልትተወው ትችል ነበር። ነገር ግን አንጓች ብዙ ሰው ማድረቂያ ሜዳ የላከች ሴት ናት፤ አማቷንም ጭምር። ለገበሬ የወጣው በትር እዚህ ቢቀር ያ ሁሉ ምን ነበር? ሦስት ጊዜ መታች።

«በሰበሰ» አለች።

ከዚያ የሆነውን ግራ መጋባት ለመናገር ይቸግራል። ሕጉ የበሰበሰው ነገር ባለቤት ማድረቂያ ሜዳ ይውረድ ይላል። አዛዡ የማን ናቸው? የንጉሥ። እንግዲያው ንጉሡ ይውረዱ ማለት ነው? ይህን ቃል የጀመረ አንድ አማካሪ መሐል ላይ አቋርጦ ሳል ያዘው። ሦስት ቀን መከሩ፤ ሽታው በየቀኑ እየበረታ ነበር። በአራተኛው ቀን አዋጅ ወጣ። በአዳራሹ ውስጥ ያለው ሽታ ሳይሆን ግርማ ነው፤ ግርማንና ሽታን መለየት ያቃተው አሽታች በትሩን ያስረክብ ተባለ።

አንጓች ለመለየት ከልቧ ሞከረች። ሁለት ጊዜ ተመልሳ አሸተተች። ያው ነው። በትሯን አስረክባ ወጣች፤ ጥፋተኛ ትሁን የተበደለች አላወቀችም። የምትሄድበት ቦታ ስለጠፋት ወደ አያ ደርሶ ወርዳ ከክምሩ ጎን ተቀመጠች። ሽማግሌው መንሹን ሰጧት። እንዴት እንደሚገለበጥ፣ መቼ ውኃ እንደሚጠጣ አሳዩአት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ ጓንጉል በቅሎ እየሳበ መጣ። በቅሎዋ ላይ በሰሌን የተጠቀለለ ነገር ተጭኗል።

«እመት አንጓች፣ ይርዱኝ» አለ። አንቺ ሲላት የኖረ ሰው ነው። ትናንት ሁለት ገበሬዎች በወሰን ሲካሰሱ የአዛዡ ቀኝ ክንድ ወልቆ በከሳሹ አቅጣጫ ወደቀ፤ ሕዝቡ ፍርድ መስሎት እጅ ነሥቶ ተበተነ። የቀረውም አካል እየተከተለ ነው። መልሶ ማድረቅ አልሆነም፣ መጣልም ክልክል ነው፣ የት እንደሚወስዳቸው አላወቀም።

አንጓች አዛዡ ራሳቸው ምን እንዳሉ ጠየቀችው። ልትቀልድበት ሳይሆን የምር ነበር።

ጓንጉል ያዘነበለ አንገቱን ለማቅናት ሞከረ። «አሥራ አንድ ዓመት ጆሮዬን አስጠግቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ምንም ብለውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ የሚናገረው ማን ነበር?»

«እሱን ነው የማላውቀው። እኔ አልነበርኩም። እኔ ብናገር ኖሮ ሌላ ነገር እናገር ነበር።» ይህን ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።

አያ ደርሶ ጥያቄ አላበዙም። ከጎመኑ መደብ ጎን ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ሦስቱም ተጋግዘው አዛዥ ቢያድጎን አወረዷቸው፣ ቅጠል አለበሷቸው፣ ፋንድያ ደረቡ፣ አፈር መለሱ። አንጓች ጸሎት የሚመስል ነገር ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ለአዛዥ የሚባለውን ታውቃለች፣ ለተቀበረ ሰው የሚባለውን ግን በአገሩ የሚያስታውስ አልነበረም።

ጓንጉል ወደ አዳራሹ ተመልሶ የአዛዡን ካባ በደረቅ ቅጠል ጠቅጥቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ቆቡን ደፋበት። መማክርቱ እንደ ወትሮው እጅ ነሡ። አውቀው ይሁን ሳያውቁ እሱም ሊለይ አልቻለም። ሳምንት ቆይቶ፣ ጆሮውን ወደ ካባው አስጠግቶ፣ አዲስ ትእዛዝ ተናገረ። «አዛዥ እንዲህ ይላሉ፤ ግርማ ለአዳራሽ ብቻ መሆኑ አግባብ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት በጓሮው ግርማ ይኑረው።»

ሰዉ ተደናገረ። ግርማ የሚባለውን ነገር ያየው የለም። ከየት ይመጣል፣ ምን ይበላል ተባባለ። አንድ ገበሬ ዙፋን የሚመስል ጉቶ ጠርቦ ጓሮው ውስጥ አቆመ፤ ሌላው ለበሬው ካባ አለበሰው። ኋላ አንጓች በየቤቱ እየዞረች አስረዳች። አሽታች ሳለች በር ይዘጉባት የነበሩ ሰዎች በጥርጣሬ አስገቧት። ግርማ በቅጠል ይጀምራል አለቻቸው፤ ፋንድያ ይጨመርበታል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ትል ሲመጣ አይባረርም፣ ከዚያ ይተዋል። የበሰበሰ ነው እንዴ ብለው ሲጠይቋት ግርማ ነው ትላለች፤ ሳቅ ይመጣባትና ትውጠዋለች። ከቤተ ጽናትም ሰዉ በአቁማዳ እየሞላ ቅጠል ማውጣት ጀመረ። ዘበኞቹ ምን ብለው እንደሚከለክሉ ግራ ስለገባቸው ሰዉን አቁማዳ ያሸክሙት ነበር።

አንጓች ባሏን ግን ገና አላወጣችውም። ሁለት ጊዜ እስከ አራተኛው ረድፍ ሄዳ ተመልሳለች። ይቅርታ መጠየቅ ያለባት ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ከተኛ በኋላ፣ ይህን አልወሰነችም።

ክረምቱ ዞሮ መጣ፤ የአዛዡ መደብ ጎመን በቀለበት። የአያ ደርሶ ጎመን ሁሉ ጥሩ ነው፣ የዚያኛው ግን ቅጠሉ ከመወፈሩ የተነሣ ሲቀነጠስ ይንጫጫል። አንጓች ከነባንቺአየሁ ወርዳ ነበር፤ የልጅ ልጇ በእንብርክኩ ክምሩ ዘንድ ደርሶ አፈር እየቃመ ነው። ጓንጉልም ለምሳ መጥቷል። አያ ደርሶ ጎመኑን በቅቤ አብስለው ከቂጣ ጋር በሰሐን ሰጡት። ጓንጉል ሁለት ጊዜ ጎረሰና ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ መደቡን አየ። መልሶ ሰሐኑን አየ።

«አያ ደርሶ» አለ፣ «ይህ አዛዥ ናቸው?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ግማሹ ነፋስ ነው» አሉ። «የቀረው አዎ፣ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

አንጓች ምን እንደምትመኝ እንኳ አላወቀችም። ጓንጉል ግን የያዘውን ቀስ ብሎ አላምጦ ዋጠ፣ የቀረውን በቂጣው ጠረገ፣ ከዚያ ሰሐኑን ዘረጋና ይጨመርልኝ አለ።